አክተሩ ከሄደ በኋላም ታሪክ አለ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። የሚያወራው ዋናው አክተር ስለሌለበት ተከታይ ፊልም ነው። ጸሐፊው አቋማቸውን አልደበቁም፤ አክተሩ ከሞተ ወይም ጥሎ ከወጣ ፊልሙም እዚያው ማብቃት አለበት፣ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ለገንዘብ ብቻ ነው ይላሉ።

ምክንያታቸው አምስት ነው። ሰው ሲኒማ የሚገባው ለታሪኩ ሳይሆን ለፊቱ ነው፤ የገቢው ቁጥር ራሱ ይመሰክራል፤ ጄምስ ቦንድ የተለየ ስለሆነ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም፤ አክተሩ ሞቶ ከሆነ ተከታይ መሥራት በሙት መነገድ ነው፤ የግድ ይሠራ ከተባለም ዛሬ ኮምፒውተር ፊቱን መልሶ ስለሚያመጣው ሌላ ሰው መተካት አያስፈልግም። በመጨረሻም ምርጥ የሚባሉት ክፍል ሁለቶች ሁሉ የመጀመሪያው አክተር ያለባቸው ናቸው ብለው በጎድፋዘር ክፍል ሁለት ይደመድማሉ።

ጽሑፉ ጥሩ ነው። ፊልም የሚወድ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል። እኔም የመጀመሪያዎቹን አንቀጾች ሳነብ ራሴን እየነቀነቅኩ ነበር። ወደ መጨረሻው ስደርስ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ፤ በተለይ ያ የጎድፋዘር ምሳሌ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ገንዘቡም በዶላር ነው።)

የኔን ሐሳብ ከአሁኑ ልናገር። አክተር መቅረቱ ፊልሙን ይጎዳዋል እንጂ አይገድለውም። የሚገድለው ምንም እንዳልጎደለ ሆኖ መቀጠል ነው።

ከፊቱ ልጀምር። እውነት ነው፣ እኛ «አክተሩ» ስንል ተዋናዩንም ገጸ ባሕሪውንም በአንድ ቃል ነው የምንጠራው። «አክተሩ አይሞትም» እየተባባልን ነው ፊልም ማየት የለመድነው። ስለዚህ ሰውየውን ከታሪኩ መነጠል ይከብደናል። ይሄ ይገባኛል።

ግን የሚያስገባን ፊት ብቻ ከሆነ የቦክሰኛው የሮኪ ታሪክ ቅጥያ የሆነውን ክሪድን ምን ልንለው ነው? ሮኪ ማለት ሲልቬስተር ስታሎን ነው። የመጀመሪያውን ፊልም ድርሰት የጻፈውም ራሱ ነው። በ2015 ራያን ኩግለር የሚባል ወጣት ዳይሬክተር መጣና ታሪኩን ለሌላ ልጅ ሰጠው። ለማን? በ1985ቱ ሮኪ አራት ላይ ሪንግ ውስጥ ለሞተው ለአፖሎ ክሪድ ልጅ። ስታሎን ከሪንጉ ወረደና አሠልጣኝ ሆነ። አረጀ፣ ታመመ። መጨረሻ ላይ ያንን ድሮ ብቻውን በሩጫ የወጣውን የፊላደልፊያ ደረጃ ልጁ ደግፎት ነው የሚወጣው። ለዚህ ሚናው ለኦስካር ታጨ።

ሦስተኛው ክሪድ በ2023 ሲመጣ ስታሎን ጭራሽ የለበትም። ልጁን የሚጫወተው ማይክል ቢ. ጆርዳን ራሱ ዳይሬክት አድርጎ ራሱ ተወነበት። ገቢውን እንየው፤ የመጀመሪያው ወደ 173 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው ወደ 214 ሚሊዮን፣ ስታሎን የሌለበት ሦስተኛው ደግሞ ወደ 275 ሚሊዮን። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዱላ ቅብብል ነው የተሠራው፤ አንዱ ሳይቆም ሌላው አጠገቡ መሮጥ ይጀምራል፣ ተመልካቹም ዱላው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ በዓይኑ ያያል። ስታሎን የወጣ ጊዜ ሰዉ አዲሱን ልጅ ስምንት ዓመት ያውቀው ነበር።

አሁን ለጸሐፊው የሚሆን ማስረጃ ደግሞ ልስጥ። እሳቸው አልጠቀሱትም እንጂ ከሁሉም የሚጠነክረው ይሄ ነበር፤ ጂም ኬሪ። የእሱ ፊልሞች ተከታይ ያለ እሱ ሲኒማ ቤት የገባው ሦስት ጊዜ ነው። በ2003 የዳምብ ኤንድ ዳምበር ቀዳሚ ታሪክ ተብሎ የተሠራው፣ በ2005 የዘ ማስክ ልጅ፣ በ2007 የብሩስ ኦልማይቲ ተከታይ ኢቫን ኦልማይቲ። ሦስቱም አልሆኑም። የመጨረሻው ስቲቭ ካሬልን የመሰለ ጎበዝ ኮሜዲያን ይዞ፣ 175 ሚሊዮን ገደማ ወጥቶበት፣ ያንኑ ያህል ብቻ ነው ያስገባው።

በተለይ የዘ ማስክ ነገር ይገርመኛል። በወረቀት ላይ ሲታይ አክተር ለመቀየር እንደሱ የሚመች ታሪክ የለም። ጭምብል ነው። ማንም አንስቶ ሊያጠልቀው ይችላል። ግን በ1994ቱ ፊልም ጭምብሉ ከመጠለቁ በፊትም እኮ የምናየው የኬሪን ፊት ነው፤ ያ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ፊት፣ ያ አንገት፣ ያ ድምፅ። ኮምፒውተሩ የሠራው ኬሪ በገዛ ጡንቻው የጀመረውን መጨረስ ብቻ ነበር። እሱ ሲወጣ የቀረው አረንጓዴ ቀለም ነው። እና እዚህ ጋ እጄን እሰጣለሁ። ፊልሙ ከአንድ ሰው ሰውነት የተሠራ ከሆነ፣ ያ ሰው ሲሄድ የሚቀር ነገር የለም። ግን ስንቱ ፊልም ነው እንደዚያ? ኮሜዲ ውስጥ ጥቂት ይኖራል። ከዚያ ውጪ ብዙ አይመስለኝም።

ወደ ቁጥሮቹ ልሂድ። ጸሐፊው የስፒድ ክፍል ሁለትን ጠቅሰዋል። የመጀመሪያው ስፒድ በ1994 ወደ 350 ሚሊዮን አስገባ። ሁለተኛው በ1997 ያለ ኪያኑ ሪቭስ ተሠራና ከ100 ሚሊዮን በላይ ወጥቶበት 164 ሚሊዮን ገደማ ብቻ አገኘ። ስለዚህ ሪቭስ ስለቀረ ከሰረ፤ የጸሐፊው ሒሳብ ይሄ ነው።

ሒሳቡ የተገለበጠ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ፊልም ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ አውቶቡሱ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በታች ከወረደ ቦምቡ ይፈነዳል። ሕፃን ልጅም ይገባዋል። ለሁለተኛው የተመረጠው ምንድን ነው? የመዝናኛ መርከብ። ባሕር ላይ ቀስ እያለ የሚሄድ፣ ዙሪያው ባዶ ውሃ የሆነ መርከብ። የፊልሙ ስም ፍጥነት ሆኖ! ሪቭስ ራሱ በኋላ እንደተናገረው ስክሪፕቱን አንብቦ የመርከብ ታሪክ መሆኑን ሲያይ ነው ያልጣመው። እንግዲህ ፊልሙ የተበላሸው አክተሩ ስለወጣ ነው ወይስ አክተሩ የወጣው የተበላሸ ስክሪፕት ስላነበበ? ጎበዝ አክተር ጥሎ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ሕመሙ እሱ አይደለም፤ እሱ ትኩሳቱ ነው።

ከዚህ በላይ ያናደደኝ አተካኩ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ሳንድራ ቡሎክ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ላይ ናት። መኪና እየነዳች ለፈታኙ ስለ ፍቅር ሕይወቷ ታወራለች፤ ከጃክ (ከሪቭስ ገጸ ባሕሪ) ጋር ተለያይተናል፣ አሁን ሌላ አለኝ። ያ ሁሉ አውቶቡስ ውስጥ አብረው ያሳለፉት በወሬ መሐል አለቀ። አዲሱ ሰውዬስ ማን ነው? እሱም እዚያው ሎስ አንጀለስ ያለ የልዩ ኃይል ፖሊስ። ያው ሥራ፣ ያው ድፍረት፣ ሌላ ፊት። ጄሰን ፓትሪክ መጥፎ ተዋናይ ሆኖ አይደለም፤ ገና ሲገባ የሌላ ሰው ልብስ አልብሰውት ነው የገባው። ተመልካች ይሄን ወዲያው ያሸተዋል። የሄደውን ሰው እያስታወሱ «አላስታወስንም» የሚሉ ሰዎች መሐል እንደመቀመጥ ነው።

ኢንዲፔንደንስ ደይ ሌላው ምሳሌያቸው ነው። ያለ ዊል ስሚዝ የተሠራው የ2016ቱ ክፍል ከ1996ቱ ገቢ ግማሹን እንኳ አላገኘም፤ ከ817 ሚሊዮን ወደ 390 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። እውነት ነው። ግን ጄፍ ጎልድብለም ነበረበት፣ ቢል ፑልማንም ነበረበት፣ ዳይሬክተሩም ያው ነው። ከሦስቱ ዋና ፊቶች ሁለቱ ተመልሰው ፊልሙ ግማሽ ከወረደ ችግሩን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጫን ይከብደኛል።

ደግሞስ አክተሩ ኖሮ የወደቀውን ለምን አንቆጥርም? ጆከር በ2019 ከአንድ ቢሊዮን በላይ አስገባ። በ2024 ያው ዋኪን ፊኒክስ፣ ያው ዳይሬክተር፣ ሁለተኛው ወደ 207 ሚሊዮን ብቻ። ሃሪሰን ፎርድ ራሱ ባርኔጣውን አድርጎ በ2023 ኢንዲያና ጆንስ ሆኖ መጣ፤ 300 ሚሊዮን ገደማ ለወጣበት ፊልም 384 ሚሊዮን ገደማ ነው የተገኘው፣ ሲኒማ ቤቶች ድርሻቸውን ሲያነሱ ያ ኪሳራ ነው። በተቃራኒው በ2001 ሃኒባል ላይ ጆዲ ፎስተር አልመለስም ብላ ቦታዋን ጁሊያን ሙር ስትይዝ ገቢው ከመጀመሪያው ፊልም በልጦ ነበር። ቁጥር ይመሰክራል ካልን ሁሉም ምስክር ይሰማ።

ጄምስ ቦንድ ማስረጃ አይሆንም የሚለው ነጥብ ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆይ። ጸሐፊው ቦንድን ከጨዋታ የሚያስወጡት «እሱ ከመጽሐፍ የመጣ ነው፣ ገና ከጥንቱ ለመቀያየር የተሠራ ነው» በሚል ነው። ዛሬ ላይ ቆመን ስናየው እንደዚያ ይመስላል። ስድስት አክተር፣ ከ1962 እስከ 2021 ድረስ ሃያ አምስት ፊልም። ግን ራሳችንን 1970 ላይ እናስቀምጥ።

ሾን ኮነሪ በቃኝ ብሎ ወጥቷል። በቦታው ብዙም ትወና የማያውቅ ጆርጅ ላዘንቢ የሚባል ሞዴል ገብቶ በ1969 አንድ ፊልም ሠርቷል። ፊልሙ ገና ሲጀምር አዲሱ ቦንድ አንዲት ሴት ከባሕር ዳርቻ አድኖ ይደባደብላታል፣ እሷ ግን መኪናዋን አስነስታ ጥላው ትሄዳለች። እሱም ወደ እኛ ዞር ብሎ «ያኛው ሰውዬ እንዲህ አጋጥሞት አያውቅም» ይላል። እኔ ይችን ትዕይንት በጣም ነው የምወዳት። አልደበቁትም። ሰው መቀየሩን እኛም እናውቃለን፣ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እንቀጥል ብለው ነው የገቡት። ሆኖም ገቢው ከቀዳሚው አነሰ፣ ላዘንቢም በአንድ ፊልም ተሰናበተ። ስቱዲዮው ደንግጦ ኮነሪን ለ1971ዱ ፊልም 1.25 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ መለሰው፤ ለዚያ ጊዜ ጉድ የተባለ ክፍያ ነው።

ያኔ ጽሑፉ ቢጻፍ ኖሮ ማስረጃው ሙሉ ነበር። «አያችሁ? ያለ ኮነሪ ቦንድ የለም።» ከዚያ በ1973 ሮጀር ሙር ገባና ሰባት ፊልም ሠራ። ሙር ኮነሪን ለመምሰል አልሞከረም። ቀለል አደረገው፣ አሾፈበት፣ ቅንድቡን አነሳ። ዳንኤል ክሬግ በ2005 ሲመረጥም ፀጉሩ ቢጫ ነው፣ አይመጥንም ተብሎ ዘመቻ ተከፍቶበት ነበር። በ2012 ስካይፎል ከቦንድ ፊልሞች ሁሉ የመጀመሪያው ሆኖ ከቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባው እሱ የተወነበት ነው። ስለዚህ ቦንድ ከጥንቱ ለመቀያየር አልተሠራም። መቀያየር የቻለው አንድ ጊዜ ወድቆ፣ ተምሮ፣ ደግሞ ስለሞከረ ነው።

መጽሐፍ ካልሆነ አይሆንም ከተባለ ደግሞ ማድ ማክስ ከምንም መጽሐፍ አልመጣም። ሜል ጊብሰን ሦስቱን ፊልም ሠራ፣ የመጨረሻው 1985 ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ2015 ጆርጅ ሚለር ቶም ሃርዲን አስገብቶ አራተኛውን ሠራና ስድስት ኦስካር ወሰደ። የሕንድ ፊልም ለሚከታተል ሰው ደግሞ ቡል ቡላያ አለ፤ የ2007ቱ የአክሻይ ኩማር ነው፣ የ2022ቱን ካርቲክ አርያን ይዞት ከዓመቱ ትልልቅ የሂንዲ ፊልሞች አንዱ ሆነ። ይሄ ሁሉ «የተለየ» ከሆነ የተለየው ከተለመደው ሊበዛ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ። በሙት መነገድ።

እዚህ ላይ ጸሐፊው የተናገሩትን በከፊል እቀበላለሁ፤ የሚደረግ ነውር አለና። ፒተር ሴለርስ በ1980 ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከድሮ ፊልሙ ተቆርጠው የቀሩ ቁርጥራጮች ተሰብስበው አዲስ የፒንክ ፓንተር ፊልም ተብሎ ወጣ። ሚስቱ ከሰሰች፣ ረታችም። ብሩስ ሊ በ1973 በ32 ዓመቱ ሲሞት ጀምሮት የቀረ ፊልም ነበረው። በ1978 ሌሎች ሰዎች ጥቁር መነጽር አድርገውና ጀርባቸውን ሰጥተው እሱን ሆነው ጨረሱት። አንዱ ቦታ ላይ የሊ ፊት ከካርቶን ተቆርጦ መስታወት ላይ ተለጥፏል፤ መስታወት ፊት የተቀመጠው ሰውዬ ይነቃነቃል፣ ፊቱ አይነቃነቅም። ይባስ ብሎ የገጸ ባሕሪው ቀብር ተብሎ የታየው የሊ እውነተኛ ቀብር ነው፣ አስከሬኑ ጭምር። ስለዚህ ነገር ጸሐፊው የፈለጉትን ያህል ይቆጡ፣ አብሬ እቆጣለሁ።

ግን ብላክ ፓንተርን እዚሁ መደብ ውስጥ ሲጨምሩት አልተስማማሁም። በፍጹም።

የብላክ ፓንተር መሪ ተዋናይ ቻድዊክ ቦዝማን በኦገስት 2020 በአንጀት ካንሰር ሞተ። 43 ዓመቱ ነበር። ሕመሙን ከሕዝብ ደብቆት ስለነበር ዳይሬክተሩ ኩግለር እንኳ አያውቅም ነበር። ለሁለተኛው ክፍል ድርሰት ተጽፏል፣ እሱ የሚጫወተው ቲቻላ ከልጁ ጋር የሚኖረው ታሪክ ነበር። ያ ድርሰት ከሰውየው ጋር ሄደ። ማርቭል ሌላ ቲቻላ አልቀጥርም፣ ፊቱንም በኮምፒውተር አልሠራም አለ። ሌላ ሰው ይተካ ብለው የጠየቁ ብዙ ተመልካቾች ነበሩ፤ ቲቻላ ለልጆቻችን ያስፈልጋል የሚል ክርክር ነበራቸው፣ ክርክሩም ቀላል አልነበረም። ኩግለር ግን ሌላ መንገድ ሄደ።

ፊልሙ ሲጀምር ማያው ጥቁር ነው። የእህቱ የሹሪ ድምፅ ይሰማል፤ ትጸልያለች። ከዚያ ቤተ ሙከራዋ ውስጥ ስትጣደፍ እናያለን፣ ወንድሟን የሚያድን ነገር ለማግኘት ነው። ወንድሟ ሌላ ክፍል ውስጥ ነው፣ እኛ አናየውም። እናቷ ትገባለች፣ ፊቷን ስናይ ገባን። አለቀ። ቀጥሎ ነጭ የለበሰ ሕዝብ፣ ከበሮ፣ ሬሳ ሳጥኑ ወደ ሰማይ ሲነሳ። ከዚያ የማርቭል አርማ ይመጣል፤ ሁልጊዜ በሙዚቃ የምናውቀው አርማ ያለ ምንም ድምፅ፣ በቦዝማን ምስሎች ተሞልቶ። እኔ ባየሁበት ሲኒማ አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላዬ ሲያወራ የነበረ ልጅ እንኳ ዝም አለ። የፈንዲሻ ድምፅ አልነበረም። ሁላችንም ለቅሶ የደረስን ነበር የመሰለን።

ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም እንከን አለው፤ ይረዝማል፣ አዳዲስ ሰዎች ይበዙበታል። ግን የፊልሙ ጥያቄ ከእኛ ጥያቄ ጋር አንድ ነው፤ ያለ እሱ እንዴት ይቀጠላል? ሹሪ ማዘን አትፈልግም፣ ሥራ ውስጥ ትደበቃለች፣ ትናደዳለች። እናቷ የሐዘን ልብሳችንን እናቃጥል ስትላት እምቢ ትላለች። መጨረሻ ላይ ብቻዋን የባሕር ዳር ተቀምጣ ልብሱን እሳት ውስጥ ትጨምረዋለች፣ ያኔ ብቻ ነው ወንድሟን እንድታየው የሚፈቀድላት፤ ቦዝማን ድምፅ በሌለው ምስል ይመጣና ይሄዳል። ሹሪን የምትጫወተው ሌቲሺያ ራይት እዚያ ላይ የምታለቅሰው ለማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። እርሟን እያወጣች ነው። እኛም አብረናት።

ጸሐፊው ይሄንንም በቁጥር ነው የመዘኑት፤ የመጀመሪያው 1.35 ቢሊዮን፣ ሁለተኛው 859 ሚሊዮን ገደማ፣ ስለዚህ ወደቀ። በ2022 በዓለም ላይ ከፍተኛ ገቢ ካገኙት ስድስተኛው ፊልም ነው! አንጄላ ባሴት በእናትነቱ ሚና ለኦስካር ታጨች፣ በማርቭል ፊልም በትወና የታጨ ከእሷ በፊት አልነበረም። በሙት መነገድ ይሄን ከመሰለ የንግድ ትርጉም ተቀይሯል ማለት ነው።

ፖል ዎከርም አለ። በኖቬምበር 2013 በመኪና አደጋ ሲሞት ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ ሰባት በቀረጻ መሐል ነበር። ፊልሙን ቆም አድርገው ድርሰቱን ቀየሩት። የእሱን ገጸ ባሕሪ ብሪያንን በታሪኩ ውስጥ መግደል ቀላል ነበር፤ አልገደሉትም። ቤተሰብ ይዞ ከዚህ ሕይወት እንዲወጣ አደረጉት። ሁለቱ ወንድሞቹ ኬሌብና ኮዲ በአካል ቆሙለት፣ ፊቱ በኮምፒውተር ተጨመረ። መጨረሻ ላይ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይሄዳል፣ መንገዱ ይከፈላል፣ ነጩ መኪና በአንዱ በኩል ይርቃል። ማንም «ሞተ» አላለም። ሁላችንም ሰማን።

ይሄ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ነጥብ ይወስደኛል። ጸሐፊው ይሄንኑ ፊልም ጠቅሰው «ታዲያ ፊት መመለስ ከተቻለ ለምን ሁሌ አይደረግም?» ይላሉ። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ዎከር ፊልሙን ጀምሮታል፣ ከፊሉን ቀርጿል፣ ገጸ ባሕሪውንም አሥር ዓመት በላይ ኖሮበታል። ኮምፒውተሩ የገባው እሱ የጀመረውን ለመጨረስና ለመሰናበት ነው። ለሌላ አምስት ፊልም ሊጎትተው አይደለም።

በ1994 የሞተው ፒተር ኩሺንግ በ2016ቱ ሮግ ዋን ላይ በኮምፒውተር ሲነሳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2020 የሞተው ኢያን ሆልምም በ2024ቱ ኤሊየን ላይ እንዲሁ። ወራሾቻቸው ፈቅደዋል፣ እሱን አልክድም። ሆኖም ሳያቸው ዓይኔ የሚሄደው ወደ ታሪኩ ሳይሆን ወደ ከንፈራቸው ነው። ትወና ምርጫ ነው። ይሄን ቃል ዝቅ አድርጌ ልበለው፣ እዚህ ጋ ዓይኔን ልስበር፣ የሚል ሰው ከውስጥ ሲኖር ነው። እዚያ ፊት ውስጥ የሚመርጥ ሰው የለም።

የካሪ ፊሸር ደግሞ ያሳዝነኛል። በዲሴምበር 2016 ሞተች፤ ለ2019ኙ ስታር ዋርስ የ2015ቱ ፊልም ሳይጠቀምበት የተረፈ ምስሏን ተጠቀሙ። የፊቷን ትወና ከኮምፒውተር አልፈጠሩም፣ በዚያ አከብራቸዋለሁ። ግን እሷ ቀድማ የተናገረቻትን መልስ ይዘው ጥያቄውን ለሌሎቹ ጻፉላቸው። ስታዩት ይታወቃል። ሌላዋ ልቧን ከፍታ ታወራለች፣ ሊያ (የፊሸር ገጸ ባሕሪ) ለማንኛውም ነገር ልትሆን የምትችል አጭር ቃል ትመልሳለች። ሹሪ እሳቱ ፊት ያለቀሰችው ለቅሶ ከዚህ ንግግር ይልቅ ቦዝማንን ያቀርበዋል።

የቀረው ጎድፋዘር ነው። የጸሐፊው መዝጊያ፣ የክፍል ሁለቶች ንጉሥ።

የ1972ቱ ጎድፋዘር ኮከብ ማን ነበር? ማርሎን ብራንዶ። ስሙ ከሁሉም በፊት ይጻፋል፤ የምርጥ መሪ ተዋናይ ኦስካርም የተሰጠው ለእሱ ነው። አል ፓቺኖ ያኔ የታጨው በረዳት ተዋናይነት ነበር። በ1974ቱ ክፍል ሁለት ላይ ብራንዶ የለም። ለአንድ ሰከንድ እንኳ የለም። ጸሐፊው «የመጀመሪያው አክተር ያለበት» ብለው ያቀረቡት ፊልም ኮከቡን ያጣ ፊልም ነው። ገጸ ባሕሪው በወጣትነቱ ለሮበርት ደ ኒሮ ተሰጠ፣ አብዛኛውን በሲሲሊ ቋንቋ ተናገረ፣ እሱም ኦስካር ወሰደ። ፊልሙ በጠቅላላው ስድስት ወሰደ፣ ምርጥ ፊልም የሚለውን ጨምሮ።

ደግሞ እኮ ብራንዶ ሊመጣ ነበር። መጨረሻ አካባቢ አንድ የትዝታ ትዕይንት አለ፤ 1941፣ የአባትየው ልደት፣ ልጆቹ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እሱን ይጠብቃሉ። ብራንዶ ለዚያች ትዕይንት ብቻ ይመጣል ተብሎ ተጠበቀ። ከስቱዲዮው ጋር ተቀያይሞ ስለነበር በቀረጻው ቀን ቀረ። ዳይሬክተሩ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ሌላ ሽማግሌ ፈልጎ ጉንጩን በጥጥ ሊሞላለት ይችል ነበር። ከጀርባው ሊቀርጸውም ይችል ነበር። ያንኑ ቀን ትዕይንቱን እንደገና ጻፈው።

አሁን የምናየው እንዲህ ነው። ማይክል (ፓቺኖ) ትምህርቱን ትቶ ለውትድርና መመዝገቡን ለወንድሞቹ ይነግራል። ታላቁ ወንድም ሰኒ ይቆጣል። ከዚያ አባትየው መጣ ይባላል፣ ሁሉም ብድግ ብለው ወደ በሩ ይሮጣሉ። ካሜራው ግን አይከተላቸውም። ማይክል ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ቀርቷል። ከሌላው ክፍል ጫጫታው፣ ዘፈኑ፣ የደስታው ድምፅ ይመጣል። አባትየው እዚያ አለ፣ እኛ አናየውም፣ ልጁም ተነስቶ አይሄድም።